የተሸፈነ ስም፤ የብርቅ ሸክላ ሰብሳቢዎች ታሪክ

ሰው እውነተኛውን ከሐሰተኛው፥ ዋናውን ከግልባጩ ለይቶ ለማወቅ ሲደክም የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ወርቅ የሚገዛ በእሳት ይፈትናል፤ ብር የሚቀበል ድምፁን ያዳምጣል፤ የብራና መጽሐፍ የሚመረምርም የጽሕፈቱን አጣጣል፥ የቀለሙን ዓይነትና የቆዳውን ዕድሜ ይመለከታል። ነገር ግን ዕቃው እውነተኛ መሆኑ ብቻ ይበቃልን? ወይስ ዕቃውን የሠራው ሰው ስምና ድካም ከዕቃው ጋር አብሮ ሊታወቅ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ከሊቃውንት ጉባኤ ርቆ፥ ማንም በማይገምተው ስፍራ፥ በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች በሚገኙ የጭፈራ አዳራሾች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሮአል። የክርክሩም ምክንያት ዘፈን የሚታተምበት ሸክላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ድምፅን በክብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ግራሞፎን የተባለውን መሣሪያ በ1887 የፈለሰፈው ኤሚል በርሊነር ነው፤ እርሱም በጀርመን አገር ተወልዶ በአሜሪካ ይኖር ነበር። የጥንቶቹ ሸክላዎች ከባድና ቢወድቁ እንደ ገል የሚሰበሩ ነበሩ። በ1949 ግን አር ሲ ኤ ቪክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስፋቱ ሰባት ኢንች የሆነ፥ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሸክላ አወጣ። ይህ ሸክላ በሁለቱ ገጾች አንድ አንድ ዘፈን ይይዛል። ዋጋውም ርካሽ፥ ማሳተሙም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለ ሆነ፥ ድኃው ወጣት መግዛት፥ ጥቂት ገንዘብ ያለውም ነጋዴ ማሳተም ቻለ።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ ጥቍሮች የዜማውን ስልት ከቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር፥ የቃሉን ነገር ደግሞ ከዓለማዊው ዘፈን ወስደው አንድ አደረጉት። ይህም ዘፈን ሶል ተባለ፤ ትርጓሜውም ነፍስ ማለት ነው። በ1959 ቤሪ ጎርዲ የተባለ ሰው ከቤተ ሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በዲትሮይት ከተማ፥ ኋላ ሞታውን በሚል ስም በዓለም የታወቀውን የሸክላ ኩባንያ አቆመ። የእርሱም ሀብትና ዝና በገነነ ጊዜ በዲትሮይት፥ በቺካጎ፥ በፊላደልፊያና በሎስ አንጀለስ ብዙ ትንንሽ ኩባንያዎች የእርሱን ፈለግ ተከተሉ። ከእነርሱም የሚበዙት ጥቂት ቅጂ አሳትመው ወደ ራዲዮ ጣቢያዎች ይልኩ ነበር፤ ራዲዮው ካላሰማው ገዢ አይመጣም፤ ገዢ ካልመጣም ኩባንያው ይዘጋል። እንዲህም ሆኖ ዘፋኙ ወደ ፋብሪካ ሥራው ይመለሳል፤ ሸክላውም በመጋዘን ጥግ አቧራ ለብሶ ይቀራል። ጥሩ ድምፅ ያላቸው ስንት ሰዎች በዚህ ሁኔታ እንደ ተረሱ የሚቈጥር አልነበረም።

እነዚህ የተጣሉ ሸክላዎች ፈላጊ ያገኙት ከተወለዱበት አገር ውጭ፥ ከውቅያኖስ ማዶ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ላንክሻየር የሚባለው ክፍል ጥጥ በመፍተልና ጨርቅ በመሥራት የታወቀ ነበር። ጥጡም በአብዛኛው ይመጣ የነበረው በአሜሪካ በባርነት የተያዙ ጥቍሮች ከሚሠሩበት እርሻ ነው። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጥጡ ስለ ቀረ ፋብሪካዎቹ ቆመው ሕዝቡ ተራበ። የማንቸስተር ሠራተኞች ግን ይህን ሁሉ ችግር እያዩ፥ በ1862 መጨረሻ ባርነት እንዲጠፋ የሚደግፍ ደብዳቤ ለፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ጻፉ፤ እርሱም በሚቀጥለው ወር የምስጋና መልስ ላከላቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ በእነዚያ በፋብሪካ ከተሞች ያደጉ ወጣቶች፥ ከባርነት ነጻ የወጡት ሰዎች ልጆች የዘፈኑትን ዘፈን ከማንም ይልቅ ወደዱት።

በ1963 በማንቸስተር ትዊስትድ ዊል የተባለ የጭፈራ ቤት ተከፈተ፤ እስከ 1971 ድረስም ቆየ። ወጣቶቹ ሳምንቱን በፋብሪካ ሲሠሩ ሰንብተው፥ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው ሲጨፍሩ ያነጉ ነበር። የዚህንም ልማድ ስም ያወጣለት ዴቭ ጎዲን የተባለ ጸሐፊ ነው። ጎዲን በለንደን ከተማ ሶል ሲቲ የሚባል የሸክላ ሱቅ ነበረው። የኳስ ቡድኖቻቸውን ተከትለው ከሰሜን የሚመጡት ወጣቶች አዲስ የወጣውን ትተው የቀደመውን ፈጣን ስልት ብቻ ሲጠይቁ ባየ ጊዜ፥ የሱቁ ሠራተኞች እንዲያውቁት ይህን ዓይነቱን ዘፈን ኖርዘርን ሶል፥ ይኸውም የሰሜን ሶል ብሎ ጠራው፤ በ1970ም ስሙን በመጽሔት ጻፈው። እንግዲህ ሰሜን የተባለው የዘፋኞቹ አገር ሳይሆን የሰሚዎቹ አገር መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ስሙ ከመጀመሪያው ለሰሚው እንጂ ለሠሪው አልወጣም።

ከዚህ በኋላ ልማዱ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። ከሁሉም ይልቅ ስሙ የተጠራው የዊጋን ካዚኖ ነው፤ ስሙ ካዚኖ ቢባልም ቁማር የሚጫወቱበት ሳይሆን ሰፊ የጭፈራ አዳራሽ ነበር። የሶል ሌሊት የጀመረው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1973 ሲሆን፥ በሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ይቆይ ነበር። የሚያሰክር መጠጥ በዚያ አይሸጥም ነበር፤ ሆኖም ከወጣቶቹ አንዳንዶች እንቅልፍ የሚያባርር ኪኒን እየዋጡ ሰውነታቸውን መጕዳታቸው አይካድም። አዳራሹ ዲሴምበር 6 ቀን 1981 ተዘጋ።

በእነዚህ አዳራሾች ባንድ የለም፤ ዘፋኝም አልፎ አልፎ እንጂ ሁልጊዜ አይመጣም። ሌሊቱን የሚመራው ሸክላ አጫዋቹ፥ በዛሬው አጠራር ዲጄ የሚባለው ነው። ሁሉም አጫዋች ያንኑ ሸክላ ቢያሰማ ሰው ወደ አንዱ ትቶ ወደ ሌላው የሚሄድበት ምክንያት ስለማይኖር፥ የአጫዋች ክብር ሌላው የሌለውን ሸክላ በማግኘት ሆነ። ስለዚህ አጫዋቾችና ነጋዴዎች ወደ አሜሪካ እየተሻገሩ የተዘጉ ሱቆችንና የቆዩ መጋዘኖችን ይበረብሩ ጀመር። በአንድ ዶላር የማይሞላ ዋጋ የተገዛው ሸክላ በእንግሊዝ የሠራተኛውን የሳምንት ደመወዝ የሚያወጣበት ጊዜ መጣ።

ብርቅ የሆነውን ያገኘ ሰው ምስጢሩን መጠበቅ ይፈልጋል። ተፎካካሪው አጠገቡ ቆሞ በሸክላው መካከል የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ካነበበ፥ የዘፋኙንና የኩባንያውን ስም አውቆ እርሱም ሌላ ቅጂ ያስመጣል። ስለዚህ አጫዋቹ በወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት ለጥፎ ስሙን ይሸፍናል፤ ሸፍኖም ዝም አይልም፤ ለዘፋኙ ሌላ ስም፥ ለዘፈኑም ሌላ አርእስት ያወጣለታል። ሕዝቡ ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት፥ ፈጽሞ ያልዘፈነውን ሰው እያመሰገነ ይጨፍራል።

ይህ ብልሃት በእንግሊዝ አልተጀመረም። በ1950ዎቹ በጃማይካ ደሴት፥ በኪንግስተን ከተማ፥ ታላላቅ ድምፅ ማጕያ በአደባባይ ተክለው ሕዝብ የሚያስጨፍሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ክሌመንት ዶድ፥ በቅጽል ስሙ ኮክሶን፥ ወደ አሜሪካ ለእርሻ ሥራ ሄዶ ሲመለስ ሸክላዎች ይዞ መጣ። የዊሊስ ጃክሰን የሳክስፎን ዜማ ያለበትን አንዱን ሸክላ ስሙን ፍቆ ኮክሶን ሆፕ ብሎ በራሱ ቅጽል ስም ጠራው። ተቀናቃኙ ዱክ ሪድ ብዙ ጊዜ ሲፈልግ ቆይቶ ያንኑ ሸክላ አግኝቶ በአደባባይ ባሰማው ጊዜ፥ ዶድ ከድንጋጤ የተነሣ ራሱን እስከ መሳት ደረሰ ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ ስሙን የሸፈነ ሰው፥ ሽፋኑ እስኪገለጥ ድረስ በፍርሃት እንደሚኖር ከዚህ ይታያል።

ይሁን እንጂ ለፈላጊዎቹ የሚገባቸውን ምስጋና መንፈግ ፍርድ ማጕደል ይሆናል። ግሎሪያ ጆንስ በ1960ዎቹ አጋማሽ የዘፈነችው ቴንትድ ላቭ የተባለው ዘፈን በአሜሪካ ሲወጣ በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያውንም ገጽ ሆነ ሁለተኛውን የሰማላት አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ እንግሊዛዊ አጫዋች ቅጂውን በፊላደልፊያ አግኝቶ ወደ ሰሜን ካመጣው በኋላ በጭፈራ አዳራሾች ተወደደ። በ1981ም ሶፍት ሴል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ደግመው ዘፍነውት በአገራቸው አንደኛ ሆነ። አጫዋቹ ባይበረብር ያ ዘፈን እስከ ዛሬ ከመጋዘን ባልወጣ ነበር። የጠፋውን ፈልጎ ማግኘት መልካም ሥራ ነው፤ ጥፋቱ የሚመጣው ያገኘው ሰው እንደ ሠራው ሰው ሆኖ የቆመ እንደ ሆነ ነው።

ዋጋው እየናረ በሄደ መጠን ሌላ ክፉ ነገር ተከተለ፤ ይኸውም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሸክላን አስመስሎ ማተም ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች ከአንድ ሸክላ ድምፁን ገልብጠው በሺህ እያተሙ ይሸጡ ጀመር፤ ከዚህም ዘፋኙ ምንም አላገኘም። ስለዚህ የታወቁት አጫዋቾች አንድ ሕግ አቆሙ፤ ሕጉም አጫዋች በአደባባይ ማሰማት የሚገባው በመጀመሪያ ጊዜ የታተመውን ሸክላ ብቻ ነው፥ ግልባጭ የሚያሰማ ግን ክብር የለውም የሚል ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያት ይሰጣሉ። አንደኛ፥ ከሸክላ የተገለበጠ ድምፅ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ሁለተኛ፥ ግልባጩን መግዛት ሌባውን ማበልጸግ ነው፤ ሦስተኛ፥ ሳይደክም ያገኘ ሰው ከደከመው ጋር እኩል ሊሆን አይገባውም።

ዋናውን ከግልባጩ ለመለየትም ራሱን የቻለ ዕውቀት አወጡ። በዘፈኑ መጨረሻና በወረቀቱ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ፋብሪካው የቀረጸውን ቍጥርና ምልክት ያነብባሉ፤ ቍጥሩ በማኅተም የተመታ ወይም በእጅ የተጫረ መሆኑንም ይመረምራሉ። የወረቀቱን ቀለምና የፊደሉን ቅርጽ ያስተያያሉ። አንዳንድ የአሜሪካ ፋብሪካዎች በቪኒል ፈንታ ስታይሪን ከሚባል ደረቅ ነገር ያትሙ ስለ ነበር፥ ሸክላውን በጣታቸው እየነኩ ከምን እንደ ተሠራ ያውቃሉ። ይህን ትጋት የሚያይ ሰው የጥንት ብራና የሚመረምር ሊቅን ማስታወሱ አይቀርም። ሌላም ክርክር ነበራቸው። በብላክፑል መካ በተባለው አዳራሽ የነበሩት አጫዋቾች በ1970ዎቹ አዲስ የወጣ ሸክላ ማሰማት በጀመሩ ጊዜ፥ እውነተኛው የሰሜን ሶል የ1960ዎቹ ብቻ ነው የሚሉት ተቃወሟቸው፤ ጉባኤውም በሁለት ተከፈለ።

ነገር ግን ይህ የእውነተኛነት ፍለጋ ወዴት እንዳደረሰ ለማየት ሁለት ሰዎችን መመልከት ይበቃል።

የመጀመሪያው ዳሬል ባንክስ ነው። ኦፕን ዘ ዶር ቱ ዩር ሃርት የተባለው ዘፈኑ በ1966 በአሜሪካ ብዙ ስለ ተሸጠ የአሜሪካው ሸክላ ብርቅ አይደለም። በእንግሊዝ ግን ለንደን የተባለው ኩባንያ ሊያወጣው ካተመ በኋላ መብቱ ለሌላ ኩባንያ ስለ ሆነ የታተመው እንዲጠፋ ተደረገ። ከጥፋቱ ያመለጠ አንድ የለንደን ቅጂ በ2014 ተገኝቶ 14,543 ፓውንድ ተሸጠ። ድምፁ ያው ነው፤ ዘፋኙም ያው ነው፤ በጥቂት ፓውንድ ከሚገዛው የሚለየው ኩባንያውና ወረቀቱ ነው። ዳሬል ባንክስ ግን በ1970 በዲትሮይት በፖሊስ ጥይት ተመትቶ በወጣትነቱ ሞቶአል። ከዚያ ሁሉ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ለወገኖቹ አልደረሰችም፤ ያገለገለ ሸክላ ሲሸጥ ሕጉ ለዘፋኙ ድርሻ አያዝለትምና።

ሁለተኛው ፍራንክ ዊልሰን ነው። በ1940 በቴክሳስ ግዛት በሂዩስተን ተወልዶ፥ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ለሞታውን ኩባንያ ዘፈን ይደርስ ነበር። በ1965 ዱ አይ ላቭ ዩ የሚለውን ዘፈን በራሱ ድምፅ ቀረጸ፤ ከሞታውን ቅርንጫፎች አንዱ በሆነው ሶል በተባለው ስምም 250 ያህል ቅጂ ለሙከራ እንደ ታተመ ይነገራል። ቤሪ ጎርዲ ግን፥ ዘፋኝ መሆን ትወዳለህ ወይስ ለሌሎች የሚያዘጋጅ፥ ብሎ ቢጠይቀው ማዘጋጀቱን መረጠ። ሸክላዎቹም እንዲጠፉ ተደረገ፤ የተረፉት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ዊልሰን ከዚያ በኋላ ለሱፕሪምስ፥ ለፎር ቶፕስና ለኤዲ ኬንድሪክስ እየሠራ የሌሎችን ስም አስጠራ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ከተረፉት ቅጂዎች አንዱ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ደረሰ። በዊጋን ካዚኖ የተሰማው ግን በዊልሰን ስም አልነበረም፤ ኤዲ ፎስተር የሚል የሌላ ዘፋኝ ስም ተሰጥቶት ነበር፤ በዚያው የሐሰት ስምም ያለ ፈቃድ ታትሞ ተሸጠ። ሕዝቡ ለፎስተር ሲያጨበጭብ ዊልሰን በሕይወት ነበረ፤ በ1976 ሞታውንን ትቶ ሃይማኖቱን አጥብቆ ይዞ፥ ወንጌል ወደ መስበክ ተመልሶ ነበር። ሞታውን ዘፈኑን በ1979 በእንግሊዝ በእውነተኛው ስም አወጣው፤ ሽፋኑም ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ የዋናው ቅጂ ዋጋ እየወጣ ሄዶ በ2009 25,742 ፓውንድ፥ በ2020 ደግሞ 100,000 ፓውንድ ተሸጠ። ዊልሰን ያረፈው በ2012 ነው።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። እነዚህ ሰዎች ለዕቃው እውነተኛነት ሲሉ ግልባጭን ይጸየፋሉ፤ ቍጥሩንና ፊደሉን እንደ ሕግ መጽሐፍ ይመረምራሉ። ነገር ግን ያንኑ እውነተኛ ዕቃ በሐሰት ስም ማሰማትን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ብልሃት ቈጠሩት። ግልባጩ ቢያንስ ስሙን በትክክል ቢይዝ፥ ስሙ ከተሸፈነው ዋና ሸክላ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ የሠራውን ሰው አይክድምና።

ይህ ፈተና ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በገዳማትና በአድባራት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን ያነበበ ሁሉ፥ በጸሎቱ መካከል የመጀመሪያው አስጻፊ ስም ተፍቆ በምትኩ የኋለኛው ባለቤት ስም የተጻፈበትን ገጽ ብዙ ጊዜ ያጋጥመዋል። ብራናው ጥንታዊ፥ ጽሕፈቱም ያማረ ነው፤ የተፋቀው ሰው ግን እህሉንና ገንዘቡን አውጥቶ ያስጻፈው ለነፍሱ መታሰቢያ ነበር። አባቶችም ይህን ስለሚያውቁ መጽሐፉን የሰረቀውንም የፋቀውንም በሐዋርያት ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል በመጽሐፉ ላይ ያስጽፉ ነበር። መስረቅንና መፋቅን በአንድ ግዝት ማሰራቸው በከንቱ አይደለም፤ የመጽሐፉን አካል የወሰደና ስሙን የወሰደ በፊታቸው እኩል ሌባ ነበረ።

ሸክላውም ቢሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በ1969 አቶ አምሃ እሸቴ በስማቸው የሚጠራ የሸክላ ድርጅት አቁመው እስከ 1975 ድረስ የማሕሙድ አሕመድንና የሌሎችንም ዘፈን ያለበት ወደ መቶ የሚደርስ ትንንሽ ሸክላ አሳተሙ። እነዚህም ሸክላዎች ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎችና አጫዋቾች ዘንድ በውድ ይፈለጋሉ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም ብዙዎቹን እንደ ገና አውጥቶአቸዋል፤ ከየዘፈኑም ጋር የዘፋኙን ስም፥ የታተመበትን ዓመትና ታሪኩን አብሮ አሳትሞአል። ይህ ግልባጭ እንጂ ዋና አይደለም፤ ነገር ግን ሠሪውን አልሸፈነም።

በሰሜን እንግሊዝም ሽፋን ለዘላለም አልኖረም። ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው እያረጁ ሲሄዱ የሐሰተኛውን ስም ዝርዝር ከእውነተኛው ጋር አስተያይተው ጻፉ፤ የተረሱትን ዘፋኞችም በአሜሪካ እየፈለጉ፥ በስተርጅና በሕዝብ ፊት አቁመው አስዘፈኗቸው። በአገሩ ማንም የማያውቀው ሽማግሌ፥ ወጣት ሳለ የዘፈነውን ቃል በቃል የሚያውቅ ሕዝብ በባዕድ አገር አገኘ። ለዚያ ሽማግሌ ከሸክላው ዋጋ ይልቅ ስሙ በትክክል መጠራቱ ሳይበልጥበት አልቀረም።

ዘፈኑ ነፍስ ተብሎ ከተጠራ፥ ሸክላው እንደ ሥጋው ነው። ሥጋውን በመስታወት ሣጥን ጠብቆ የነፍሱን ባለቤት መርሳት ሙሉ ፍቅር ሊባል አይችልም። መጽሐፍም፥ ቅኔም፥ ዜማም፥ ሸክላም የሚሰበስብ ሰው ሁሉ የያዘው ዕቃ ዋና መሆኑን ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ይህን ያደረገው ማን ነው? ብሎ መጠየቅና ያገኘውንም መልስ ሳይሸፍን መናገር። ዕቃን መጠበቅ ትጋት ነው፤ ስምን ለባለቤቱ መመለስ ግን ፍርድ ነው።